ጥሩምባና ቅል

የጋሽ ይመርን ሞት የሰማሁት ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን ጊዜ ጥሩምባውን የነፋው ራሱ ነበር።

የማያምነኝ ካለ ሐይቅ ከተማ ይምጣና አሳ ቤቴ ደጃፍ ከተቀመጠው ሰው መካከል ያገኘውን ይጠይቅ። ሁሉም ይህንኑ ነው የሚነግረው፤ እያንዳንዱ ግን የራሱን ቅመም ጣል ያደርግበታል። እኔ ጎረቤቱ ነበርኩና ቅመም አያስፈልገኝም። ከጅዳ ተመልሼ ሐይቁ ዳር አሳ መጥበስ በጀመርኩ በዓመቱ ነው የመጣው። የሱን ግቢና የኔን የሚለየው የቁልቋል አጥር ብቻ ነበር፤ ቁልቋል ደግሞ ጥሩምባ አያግድም።

ከደሴው አውቶቡስ ሲወርድ ያየው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠለት። ሰባ ዓመት ያለፈው ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነው፤ ባርኔጣ ደፍቶ፣ አንገቱ ላይ ስካርፍ ጠምጥሞ፣ ከአንዲት ጥቁር የቆዳ ሣጥን ሌላ ይህ ነው የሚባል ዕቃ ሳይዝ እየሳለ ወረደ። የሚስለው መንገዱን ሙሉ በተከፈተ መስኮት ብርድ ሲመታው ስለመጣ ነው፤ እኛ ግን ያንን በምን እንወቅ? በልጅነቱ ከአምባሰል እግር ሥር ወጥቶ አዲስ አበባ የቀረ ሰው በስተርጅና ብቻውን እየሳለ ሲመለስ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው። «ለአፈሩ መጣ» ተባለ። ማታውኑ የሰፈሩ ሴቶች ሟች እናቱ የተወችለትን ቤት ጠርገን አነጠፍንለት፣ ሾርባ አጠጣነው፣ «አብሽር» ብለን ተሰናበትነው።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሱብሂ ሶላት እንዳበቃ፣ ከዚያ ግቢ ጥሩምባ ተነፋ።

እዚህ አገር በማለዳ ጥሩምባ ተነፋ ማለት ሰው ሞቷል ማለት ነው። ቅሬ የምንለው የቀብር ማኅበር አለን፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ የሚገባበት። ሰው ሲሞት የቅሬው ጥሩምባ ነፊ ይነፋል፤ የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይወጣል። ወንዱ ድንኳንና አካፋ፣ ሴቷ ንፍሮና ዳቦ ይዛ። የቀረ ይቀጣል። ተቀጥቶም የማይመለስ ከቅሬው ይወጣል፤ ከቅሬ የወጣ ሰው ደግሞ በሞተ ጊዜ የሚያነሣው የለም። ስለዚህ ጥሩምባ ስንሰማ እግራችን ከጆሯችን እኩል ነው የሚነሣው።

እኔም ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣሁ። ስደርስ ድንኳኑ ቀድሞኝ ደርሶ ካስማው እየተመታ ነው። የሰፈራችን ዋና አልቃሽ፣ ባገሩ አፈር ላይ አንድ ሌሊት ብቻ ስላደረው ምስኪን ግጥም መደርደር ጀምራለች፤ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ይቀበሏታል። ይኼኔ በሩ ተከፈተና ሟቹ በፒጃማ ወጣ። ባንድ እጁ የሚያብረቀርቅ ጥሩምባ፣ በሌላው ባርኔጣውን ይዟል።

አልቃሿ ግጥሟ አፏ ላይ ቀረ። ጋሽ ይመር ግን አልደነገጠም። ሕዝቡን ከዳር እስከ ዳር አየና ፊቱ በራ። ኋላ እንደነገረኝ፣ አዲስ አበባ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የሚጫወተው ሰው ራቱን የሚበላበት አዳራሽ ጥግ ቆሞ ነበር፤ ከሳህኑ ቀና ብሎ የሚያየው አልነበረም። እና ባደረ በማግስቱ፣ ፀሐይ እንኳ ሳትወጣ፣ ያገሩ ሰው ሥራውን ትቶ፣ ድንኳን ተሸክሞ ሊሰማው መጣ። እንዲህ ነው የመሰለው። ባርኔጣውን ደፋ፣ እጅ ነሣን፣ ጥሩምባውን ወደ ሐይቁ ቀና አድርጎ ጀመረልን።

የነፋው አምባሰል ነበር። መጀመሪያ እኛ የምናውቀውን አምባሰል፣ ቀጥሎ የማናውቀውን። ዜማውን ይዞ ወጣ፣ ጠፋ፣ ሌላ ሰፈር ገባ፣ ከዚያ ባልጠበቅነው በኩል ተመለሰ። ለለቅሶ የተዘጋጀ ዓይን አንዴ ከጀመረ በቀላሉ አይቆምምና ብዙዎቻችን እያለቀስን ነበር፤ እሱ ደግሞ እንባችንን ባየ ቁጥር ይብስበታል። ሲጨርስ የቅሬው ዳኛ ሸህ ኡመር ምርኩዛቸውን ተደግፈው ጠጋ አሉትና ቀስ ብለው ጠየቁት።

«ይመር፣ ልጄ፣ ማን ነው የሞተው?»

ማንም እንዳልሞተ ነገራቸው። እሳቸውም ይህ ሁሉ ሰው ሊቀብረው እንደመጣ ነገሩት። መጀመሪያ የሳቀችው አልቃሿ ናት፤ ከዚያ በኋላማ ግቢው መያዣ መጨበጫ ጠፋው። የመጣ ንፍሮ አይመለስምና ቁጭ ብለን በላን፤ ድንኳኑም ከተተከለ አይቀር ተብሎ እስከ እኩለ ቀን ቆየ። ሟቹ ራሱ እየዞረ ሻይ የቀዳበት ለቅሶ እስካሁን ያየሁት ያንን ብቻ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳው እኔ ጋ ሆነ። ምሳ ካልነው ነው እንግዲህ። ሰው ከደሴና ከውጫሌ ድረስ እየመጣ በአዋዜ የሚበላውን የሐይቃችንን ቆሮሶ አሳ፣ እሱ ያለ በርበሬ፣ ያለ ሚጥሚጣ፣ ያለ ሎሚ፣ እንደ ሕመምተኛ ነጩን ነበር የሚፈልገው። ምክንያቱ ከንፈሩ ነው። ሌላው ሽማግሌ ስለ ጉልበቱና ስለ ወገቡ ሲያወራ ጋሽ ይመር ከንፈሩ እንዴት እንዳደረ ይነግራችኋል። ሲተኛ ቅቤ ይቀባዋል፣ ሲበርድ በስካርፉ ይሸፍነዋል፣ ሻዩን ቀዝቅዞ እንደ ውሃ እስኪሆን ይጠብቃል። ከንፈር ሆደ ባሻ ነው ይላል፤ አንድ ቀን ሳያናግሩት ከዋሉ ይቀየማል። አነፋፉ ያላማረለት ቀን «ዛሬ ከንፈሬ ተቀይሞኛል» ብሎ አኩርፎ ይቀመጣል። እኔም ሽማግሌ ላክበት እለው ነበር።

ሐይቅ ዳር ጭቃ ለጭቃ እየዋለ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ ነው። ጥሩምባውን የሚያለሰልሰው በልብስ ስፌት መኪና ዘይት ነበር፤ ለዚህ ሲል ከሰፈሩ ልብስ ሰፊ ጋር ወዳጅነት ገጠመ። ከሁሉም የማይረሳኝ ግን ሦስቱ ጣቶቹ ናቸው። መጥበሻው ላይ ዘይት ሲንጫጫ፣ ባጃጅ ሲያልፍ፣ ሁለት ሴቶች አጥር ለአጥር ሲነታረኩ፣ የቀኝ እጁ ሦስት ጣቶች ጠረጴዛው ላይ ብድግ ቁጭ ይላሉ። የሰማውን ሁሉ በጥሩምባ እየነፋው ነው ማለት ነው። አንድ ቀን ደንበኛ ሲሰድበኝ ጣቶቹ ሲንቀሳቀሱ አየሁና ንዴቴ ወደ ሳቅ ተለወጠ።

ሕይወቱን የነገረኝ በቁራጭ በቁራጭ፣ አሳው እስኪደርስለት ነው። ልጅ ሆኖ ለወታደር ባንድ ተመለመለ። ዕቃ ሲታደል የፈለገው ከበሮ ነበር፤ ከበሮው አለቀና ጥሩምባ ደረሰው። ያገሩ ልጅ ነውና ጥሩምባ ምን እንደሚያመጣ ያውቃል፤ ሰው እንዳይሞት ብሎ ሰንበት ብሎ ነው አፉን ያስነካው፣ ያውም ያስተማሪው ቁጣ ሲበዛበት። ሲለምዳት ግን ወደዳት። ከሰልፍ ማርሽ ወጥቶ የሆቴል ባንድ ገባና ጃዝ የሚባለውን እዚያ፣ አንድ ሸክላ እስኪበላሽ ደጋግሞ እየሰማ ተማረው። በሰዓት እላፊው ዘመን ጨፋሪው ወደ ቤቱ መመለስ ስለማይችል እስኪነጋ ተዘግቶባቸው ይነፉ እንደነበር ሲያወራ ሳቁ ያቋርጠዋል።

ከዚያ ኪቦርድ መጣ። አንድ ልጅ ባንድ እጁ ጥሩምባውንም ሳክስፎኑንም እያስጮኸ ብቻውን ሠርግ ሲያደምቅ ነፊዎቹ አንድ በአንድ ወደየቤታቸው ገቡ። ጋሽ ይመር መጋዘን ጠባቂ ሆነ። ሲያወራው እንኳ አያዝንም፤ ባዶ መጋዘን ውስጥ ድምፅ እንዴት እንደሚያምር ነው የሚነግራችሁ። ዓመታት አልፈው፣ የድሮውን ሙዚቃ የሚወዱ ወጣቶች ፈልገው አገኙትና እንደገና መድረክ አወጡት፤ አውሮፓ ድረስ ወሰዱት። ፈረንጆቹ ሲጨርስ ከወንበራቸው ተነሥተው ሲያጨበጭቡ፣ ወደ ቤታቸው ሊሄዱ የተነሡ መስሎት ቶሎ ብሎ ሌላ ዜማ ጀመረባቸው።

ጃዝ ምን እንደሆነ ጠይቄው «የከድር ባጃጅ ነው» አለኝ። ከድር የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ነው። ከመናኸሪያ እኔ ቤት ቀጥታ መንገድ እያለለት በገበያው፣ በመስጊዱ፣ በአክስቱ ቤት በኩል ዞሮ፣ ሰውን ሁሉ ሰላም ብሎ፣ ወሬ ለቃቅሞ ነው የሚያደርሳችሁ። ግን ማንንም መንገድ ላይ ጥሎ አያውቅም። በየትም ብትዞር ታደርሳለህ፤ ያ ነው ጃዝ አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከድር ሲዘገይብኝ መቆጣት አቃተኝ።

ሚስቱ ከሞተች በኋላ አዲስ አበባ ጭር አለበት። ሲሞት የሚያውቁት ሰዎች እንዲቀብሩት ፈለገና መጣ። እኛም ቅሬ አስገባነው። ችግሩ፣ በየጠዋቱ መንፋቱን አልተወም።

መጀመሪያ መጀመሪያ ሳቅን። ነገር ግን ድምፅ ከተማው ላይ አይቆምም፤ ውሃው ላይ ተንሸራቶ ይሻገራል። የማዶ ገበሬዎች እርሻቸውን ፈትተው አካፋ ተሸክመው መጡ፤ ሻይ ጠጥተው እየተሳደቡ ተመለሱ። ታማ የተኛች አንዲት አሮጊት ጥሩምባውን ስትሰማ የራሷ መስሏት ልጆቿን አንድ በአንድ ስማ ተሰናበተች። ደግነቱ ይኼው እስካሁን አለች። ከሁሉ የከፋው ግን የአያ ሙሄ ኩርፊያ ነው። አያ ሙሄ የቅሬው ጥሩምባ ነፊ ነው። የተቆለመመች፣ አንድ ድምፅ ብቻ የምታወጣ ጥሩምባ አለችው፤ ያቺን አንድ ድምፅ በከተማው ከሱ በቀር የሚያወጣት አልነበረም። አሁን ባርኔጣ ለባሽ መጥቶ ቦታዬን ሊወስድ ነው ብሎ ከሰሰ።

ቅሬው ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ሸህ ኡመር ሲናገሩ አልተቆጡም፤ ይበልጥ ያስፈራኝ እሱ ነው። ጥሩምባ ለሞት የተተወ ነው አሉ። ዛሬ ሰው በከንቱ ይወጣል። ነገ ግን ይለምደውና እውነተኛው ሲነፋ ይተኛል፤ ያን ጊዜ አንዱ ምስኪን ቀባሪ አጥቶ ይውላል። ስለዚህ ይመር ወይ ጥሩምባውን ይተው፣ ወይ ቅሬውን። መልሱን ለጁምዓ ያምጣ ተባለ።

ጋሽ ይመር ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

«እኔ የመጣሁት እናንተ እንድትቀብሩኝ ነው፤ ይኸን አልደብቅም» አለ። «ግን እስክትቀብሩኝ ድረስ ልኑር እንጂ። ይችን ኸነሣችሁኝማ ዛሬውኑ ቅበሩኝ።»

እኔ ከሴቶቹ በኩል ተነሥቼ የመጣልኝን ተናገርኩ፤ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ እንጂ ፍርዱ አልተለወጠም። ንግግሬ ምን እንደነበረ አሁን አላስታውሰውም፣ ግን ጥሩ ነበር።

በማግስቱ ከድር በባጃጁ አርዲቦ ሐይቅ ወሰደው። አርዲቦ ዙሪያዋ ገጠር ነው፤ ማንንም ሳላስደነግጥ እዚያ እነፋለሁ ብሎ ነበር። አመሻሹ ላይ ሲመለሱ ፊቱን አይቼ ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። «አርዲቦም ቅሬ አለ» አለኝ። ከድር ከኋላው ቆሞ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ሐይቁ ዞረ፤ አካፋ የያዘ ሰው ከየአቅጣጫው ሲወርድባቸው ባጃጁን አስነሥተው ሸሽተው ነው የመጡት።

ከዚያ ወዲያ ጋሽ ይመር ሣጥኗን ዘግቶ አልጋው ሥር አስገባት። በሦስተኛው ቀን መጣና አሳውን በአዋዜ አዘዘ። ሰሃኑን ይዤ እንደቆምኩ ቀረሁ።

«ከንፈርህስ?» አልኩት።

«ምን ይሠራልኛል?» አለኝ።

አዋዜውን አላመጣሁለትም። ነጩን አሳ ፊቱ ላይ ዘጭ አድርጌ፣ ከዚህ ቤት ሌላ እንደማያገኝ ነገርኩትና ጥሩምባዋን እንዲያመጣት አዘዝኩት። በአንቺ ቤት እንዴት ይነፋል፣ ከቅሬ ልታስወጪኝ ነው ወይ ሲለኝ፣ አፏን እንደፍናለን አልኩ። ፎጣ ጠቀጠቅንባት፤ እንደታፈነ ሰው አጓራች። ባርኔጣውን ደፋንባት፤ ያው ናት። ማንቆርቆሪያ፣ ባልዲ፣ የሩዝ ማጥለያዬ ሳይቀር ተሞከረ። ተስፋ ቆርጬ ዱቄት ወደምጨልፍበት ስመለስ እጄ ላይ ያለውን ግማሽ ቅል አየው። ቀማኝና በጥሩምባዋ አፍ ላይ ገጥሞ፣ በስሱ ነፋ።

ድምፁ ደከመ እንዳልል አልደከመም። ቀረበ። ሽማግሌ ሰው በራፉ ላይ ቁጭ ብሎ ለራሱ የሚያንጎራጉር ይመስላል። ጋሽ ይመር ነፋ፣ አቆመ፣ ቅሉን አገላብጦ አየው፣ ደግሞ ነፋ። ከወጣትነቱ ጀምሮ የፈለገው ድምፅ ይኸው መሆኑን፣ ያንን ፍለጋ ስንት አገር መዞሩን እየነገረኝ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔ ደግሞ ዱቄት በምን እንደምጨልፍ ነበር የማስበው። ከድርን ከአጥሩ ማዶ ሄዶ እንዲሰማ ላክነው። ሲመለስ «ማን ነው የሚዘፍነው?» አለ።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ዋርካው ሥር ቅሉን በገመድ አስሮ ነፋላቸው። ሸህ ኡመር ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ይኸ ጥሩምባ አይደለም» አሉ። «ይኸ ሰው ነው። መርሃባ።»

ሕጉም እዚያው ወጣ። ቅል ያለው የሕይወት፣ ቅል የሌለው የሞት። ማዶ ድረስ፣ አርዲቦም ድረስ ተላከ። አንድ ግዴታ ብቻ ተጨመረበት፤ ጋሽ ይመር ከአያ ሙሄ ጋር እንዲታረቅ። እሱም ከአልጋው ሥር ሁለተኛ፣ አሮጌ ጥሩምባ አውጥቶ ለአያ ሙሄ ሰጠው፤ ላስተምርህ አለው።

እነሆ መከራዬ ጀመረ። አያ ሙሄ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ድምፅ ሲያወጣ የኖረ ሰው ነው፤ ሁለተኛዋን ለማግኘት አንድ ክረምት ፈጀ። በየጠዋቱ ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ ጥሩምባዎቻቸው ላይ ቅል አስረው፣ አጥሬ ሥር ይቀመጣሉ። አንዱ ይዘምራል፣ ሌላው እንደ ታመመ ጥጃ ያጓራል። ጋሽ ይመር ግን አይቆጣም። «እሰይ፣ አሁን መንገድ ጀመርክ» ይለዋል፤ አያ ሙሄም ጢሙን እየጠረገ እንደገና ይሞክራል። ቀስ በቀስ አምባሰልን ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጣው፤ መሃል ላይ አንዲት ቦታ ሁልጊዜ ይንገዳገዳል እንጂ። ያቺ ቦታ ስትደርስ ጋሽ ይመር የኔን ክንድ ጨበጥ ያደርጋል፤ አያ ሙሄ ሲሻገራት ሁለታችንም እንተነፍሳለን። ጥሩምባ ሲሰማ ቡን የሚለው ከተማም ለመደው። ጠዋት የቅሉ ድምፅ ካልተሰማ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ምነው ይል ጀመር።

ወጣቶቹ የአዲስ አበባ ሙዚቀኞች ናፍቀውት መጡና ያንን ድምፅ ሲሰሙ አላስቀመጣቸውም፤ መቅረጫ ይዘው ተመለሱ። ስቱዲዮ እንሂድ ቢሉት እዚሁ አሳ ቤት ካልሆነ ብሎ አሻፈረኝ አለ። ምሳ ሰዓት ነበር፣ እኔ ደግሞ ደንበኛ አልመልስም። ስለዚህ ከዜማው ኋላ ዘይት ሲንጫጫ ይሰማል። ልጆቹ ሊያጠፉት ሲሉ፣ ከነካችሁት አልፈቅድም አላቸው። ከድር አሁንም በባጃጁ ይከፍተዋል፤ ተሳፋሪ ሁሉ ያ የሚንጫጫው ምንድነው ሲለው፣ የዘይነባ መጥበሻ ነው ብሎ ይመልሳል። በሐይቅ ከተማ ሙዚቃ ላይ የተጫወትኩ ብቸኛ ሴት እኔ ነኝ።

ባለፈው ጥር፣ አንድ ጠዋት፣ የአሳ ቅርፊት እየፋቅሁ ነው። ከድር ሻዩን ይጠጣል። ከአጥሩ ማዶ ጥሩምባው በቅሉ ተነፋ፤ አምባሰል ነው። መሃል ላይ ተንገዳገደና እንደምንም ተነሣ። «ዛሬ ከንፈሩ ተቀይሞታል» አልኩ። ከድርም ይታረቃሉ አለኝ። ዜማው አለቀና እንደገና ከመጀመሪያው ተነሣ፤ ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ። ዛሬ ግትር ብሏል ብዬ፣ ለምሳው የሚሆነውን ቆሮሶ መርጬ፣ በርበሬ እንዳይነካው ለብቻው አስቀመጥኩለት።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ አያ ሙሄ በአጥሩ ክፍተት ገባ። ጥሩምባው እጁ ላይ ነው፤ ጢሙ በእንባ ረጥቧል።

«ሰው እምቢ አለው፣ ዘይነባ» አለኝ።

«ማንን?»

«ይመርን። ደጋግሜ ነፋሁ። አንድ ሰው አልመጣ። ቅሬው አልቀብርም ብሎታል።»

ቢላዬን አስቀመጥኩ። ከሱብሂ በኋላ ለትምህርቱ ሲሄድ ጋሽ ይመርን አልጋው ላይ እንደተኛ አግኝቶታል። ባርኔጣው ሚስማሩ ላይ፣ ጫማው የተወለወለ፣ ከንፈሩ ቅቤ እንደተቀባ። አያ ሙሄ አላለቀሰም። ከወራት በፊት ቃል አስገብቶት ነበርና ጥሩምባውን አነሣ። «በዚያች ባንድ ድምፅህ እንዳትነፋኝ፤ ያስተማርኩህን ንፋልኝ» ብሎታል። እሱም ከበሩ ቆሞ፣ የተማረውን ሁሉ ነፍቶ፣ ድንኳን ሲጠብቅ፣ አካፋ ሲጠብቅ፣ መንገዱ ጭር አለ።

«አያ ሙሄ፣ በቅሉ እኮ ነው የነፋኸው» አልኩት።

ጥሩምባውን አየ። ቅሉ እንደታሰረ ነው። ለመፍታት እጁ ወደ ገመዱ ሄደ፤ እኔ ያዝኩት። ከድር ሻዩን ጥሎ ተነሥቶ ነበር። ያን ቀን ቅል የሌለው ጥሩምባ በሐይቅ አልተነፋም። ባጃጆቹ ናቸው መርዶውን ይዘው የዞሩት፤ በገበያው፣ በመስጊዱ፣ በከድር አክስት ቤት በኩል፣ ሰፈር ሳይቀራቸው።

የመጣውን ሰው ብታዩ። ድንኳኑ አልበቃ ብሎ ሁለተኛ ተተከለ። የማዶ ገበሬዎች እነዚያን አካፋዎች ተሸክመው በጀልባ ተሻገሩ፤ ከአርዲቦ ሰው ወረደ። በጀናዛው ሶላት ላይ የቆመው ሰልፍ ከመስጊዱ አልፎ መንገዱን ዘጋ። እና ወደ ግቢው የገባ ሁሉ፣ ወንዱም ሴቷም፣ አልቃሿም ሳትቀር፣ ገና ከበሩ አንድ ነገር ነበር የሚለው፤ ኧረ አሁን ጠዋት ሲነፋ ሰምቼዋለሁ። አንዷ ልጇን እያለባበሰች ሰምታዋለች፤ አንዱ በሬውን ጠምዶ፤ ያቺ ልጆቿን ተሰናብታ የነበረችው አሮጊት ተኝታ እንኳን ደህና አደርክ ብላዋለች።

መጨረሻ ላይ ሸህ ኡመር በምርኩዛቸው መጡ። አጠገቤ ቆሙና ሚስማሩ ላይ የተሰቀለችውን ባርኔጣ አዩ።

«ዘይነባ፣ እኔኮ ኸመኝታዬ ሆኜ ሰማሁት» አሉ። «እንደሱ ጣቴን እያነሣሁ ስጥል ነበር። ዛሬ እየነፋ አልነበረም?»

«ነበር እንጂ፣ ሸሁ» አልኳቸው። «እየነፋ ነበር።»